ዝናቡን አልጠየቅንም

(ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ተጠራጣሪው ነዋሪ፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ውሃ በጠፋ ቁጥር በየሰፈሩ አንድ ሰው ብቅ ይላል። መግለጫው በቴሌቪዥን ሲነበብ «ተዉት እሱን!» የሚለው እሱ ነው። የፈረቃ ሰሌዳ ሲለጠፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጠው፣ ስብሰባ ሊበተን ሲል እጁን የሚያወጣው፣ የውሃ ቦቴ ወደ የትኛው ግቢ እንደገባ በመስኮት የሚከታተለው እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ «አሉባልተኛ» ይሉታል። ሰፈር ውስጥም «ነገረኛ» ይባላል፤ የጎረቤቶቹ ቧንቧ እስኪደርቅ ድረስ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ሰው ጥብቅና ልቆም ነው። ጥፋት የለበትም አልልም። አለበት፤ ያውም ከባድ። እሱን ግን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

የምለውን ከወዲሁ ልናገርና ከዚያ ላስረዳ። ተጠራጣሪው ነዋሪ «ውሃ አልጎደለም» እያለ አይደለም። ከተማዋ እንዳደገች፣ ፎቁ እንደበዛ፣ ቧንቧው እንዳረጀ በዓይኑ ያያል። የሚጠራጠረው፣ የጎደለው ለማን እንደጎደለ ነው። በሳምንት ለእኛ ስንት ቀን ደረሰን? ከአስፋልቱ ማዶ ላሉትስ? ጥያቄው የክፍፍል ጥያቄ ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ዘወትር ስለ መጠን ነው፤ ዝናቡ አነሰ፣ ሕዝቡ በዛ፣ መብራት ተቆራረጠ። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ዝናቡን ግን አልጠየቅንም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ልመና አለኝ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ዛሬ እንተወው። በየስብሰባው ስለሚደጋገም ብቻ አይደለም። ነገሩም ልክ አይደለም፤ አዲስ አበባ የዓባይ ልጅ አይደለችም። ከእንጦጦ ወዲህ የሚወርደው ውሃ አቃቂን ተከትሎ አዋሽ ነው የሚገባው። ወደ ዓባይ የሚሄደው ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታ በኩል ያለው ነው፤ ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉት፣ ስማቸውን ለዓመታት በእቅድ ስንሰማ የኖርናቸው ግድቦችም በዚያው በኩል የታሰቡ ናቸው። ተረቱን እንድንተወው የምፈልግበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ ጥሙን የዕድል ጉዳይ ያደርገዋል፤ በዕድል ጉዳይ ደግሞ ማንም አይጠየቅም።

ይህች ከተማ ስትቆረቆር ሰው የሚቀዳው ከምንጭና ከወንዝ ነበር። ምንጭ ሲቀንስ ለሁሉም ይታያል። ውሃ ለመቅዳት የወረደች ሴት ማንም መግለጫ ሳይሰጣት፣ የምንጩን አፍ አይታ ለከርሞ እንደሚያስቸግር ታውቃለች። በ1880ዎቹ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ባስገባ ጊዜ ሕዝቡ በአድናቆት አወራለት። ከዚያ ወዲህ ውሃው ከሰው ዓይን እየራቀ ሄደ። በ1930ዎቹ በምዕራብ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መባቻ እዚያው አካባቢ ድሬ፣ ቀጥሎ በደቡብ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች መጡ። ዛሬ የከተማዋ ውሃ ከግድቦቹ ይልቅ በብዛት ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው። በውሃውና በነዋሪው መካከል ማጣሪያ ጣቢያ፣ ፓምፕ፣ ተራራ ላይ የተቀመጡ ማጠራቀሚያዎች፣ ረጅም መስመርና በየመታጠፊያው የተቀበረ ቫልቭ ገብቷል። ነዋሪው ከዚህ ሁሉ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ቧንቧውንና ሰማዩን።

ስለዚህ ከሰማዩ ተነስቶ ያስባል። በሐምሌ ጎርፉ ደጁን ሲያጥለቀልቅ ቧንቧው ደረቅ ሲሆን «እንዴት ነው ነገሩ?» ይላል። እዚህ ላይ ደንበኛዬ ጥርጣሬው ተገቢ ቢሆንም መደምደሚያው ስህተት ነው። በክረምት የግድቡ ውሃ ይበዛል፤ ግን ይደፈርሳል፣ የለገዳዲ ደግሞ በደለል የታወቀ ነው። በደፈረሰ ቁጥር ማጣራቱ ይከብዳል። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ዛሬ በዘነበው ዝናብ ዛሬ አይጨምርም። በቀን ስንት ሜትር ኩብ እንደሚወጣ የሚወስነው የማጣሪያውና የፓምፑ አቅም ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ሁለት ደቂቃው ግን አይሰጥም። «የክረምቱ ሁኔታ» የምትል አንዲት ሐረግ ትሰጣለች፤ ነዋሪውም ሐረጓን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቀሪውን ከጎረቤቱ ጋር ራሱ ይሞላዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥርጣሬ ልሂድ። እዚህ ረዘም ብዬ እቆማለሁ፤ ብዙው ቅሬታ የሚወለደው ከዚህ ነውና። «ለሆቴሎች ይሰጣል፣ ለሀብታም ሰፈር ይሰጣል፣ ለእኛ ይዘጋል።»

መጀመሪያ መሬቱን እንመልከት። እንጦጦ ራስጌ ላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ አለው፤ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ማለት ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ቁልቁል ስለሚወርድ የመሬቱ አቀማመጥ ያግዘዋል። የአቃቂው ግን ከከተማዋ ዝቅተኛ ሥፍራ ተነስቶ ሽቅብ መገፋት አለበት። ሽቅብ የሚገፋው መብራት ነው። ስለዚህ «መብራት ስለጠፋ ነው» የሚለው ሰበብ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ፓምፑ ከቆመ ውሃው እዚያው ይቀራል።

አሁን ፈረቃ ገባ እንበል። መስመሩ በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈታል። ውሃ ሁልጊዜ ቢኖር ኖሮ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ፣ ሦስተኛው እሑድ ይቀዳ ነበር። በፈረቃ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ይከፍታል፤ ባለ ሮቶው ሮቶውን፣ ባለ በርሜሉ በርሜሉን፣ ያለችው ጀሪካን ብቻ የሆነችውም ጀሪካኗን ትደቅናለች። ያን ጊዜ የመስመሩ ግፊት ይወድቃል። ውሃን 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ 1 ባር ግፊት ያስፈልጋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ላለች የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከ1 ባር በላይ ያስፈልጋታል፤ ባለዝቅተኛው ቦታ ግን እዚያው መሬት ላይ ይቀዳል። ከመሬት በታች ትልቅ ማጠራቀሚያ ያለው ሕንፃ ደግሞ መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠጣል። የእሱ ማጠራቀሚያ ሳይሞላ ከላይ ያለው መንደር የሚደርሰው የቧንቧ ፉጨት ነው። ከዚያ ሰዓቱ ይሞላና ቫልቩ ይዘጋል።

በሰሌዳው ላይ ሁለቱም ሰፈሮች እኩል ሁለት ቀን አግኝተዋል። ባለሥልጣኑ ሰሌዳውን አንስቶ «እኩል ነው የሰጠነው» ሲል አልዋሸም። የላይኛው መንደር ነዋሪ «ምንም አላገኘንም» ሲልም አልዋሸም። እና ለሆቴሉ ስጡ የሚል ትእዛዝ ማንም ሳይሰጥ ሆቴሉ ያገኛል። ደንበኛዬ ሴራ ነው ብሎ የጠረጠረው ነገር ሴራ ላይሆን ይችላል። ግን ውጤቱን በትክክል አይቷል፤ ማጠራቀም የሚችል ሰው የፈረቃውን ውሃ ይወስዳል። ማጠራቀሚያ ደግሞ ገንዘብ ነው፣ ቦታም ነው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ አራት ልጅ የምታሳድግ እናት ሮቶ የምታስቀምጥበት መሬት ከየት ታመጣለች? ሰሌዳው ሰዓት ነው የሚያካፍለው። ሰው የሚጠጣው ግን ሊትር ነው።

ሌሊቱን ደግሞ አንርሳ። ከተማው ሲተኛ ግፊቱ ስለሚጨምር ከፍ ያሉት ሰፈሮች ውሃ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት ነቅቶ የሚጠብቅ ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ወይም የቤት ሠራተኛዋ፤ ወይም ነገ ፈተና ያለባት ልጅ። የቧንቧውን አፍ ክፍት አድርጋ ከሥሩ ባሊ ታስቀምጣለች፤ ጠብታው ሲመታ ድምፁ እንዲቀሰቅሳት። ይህ ሥራ ነው፤ የሌሊት ሥራ። በየትኛውም የውሃ አቅርቦት ሪፖርት ላይ ግን ወጪ ሆኖ ተመዝግቦ አላየሁም። ያች ሴት ጠዋት በመግለጫ «ውሃ በአግባቡ እንጠቀም» ስትባል የምትቆጣው ለምን እንደሆነ የማይገባው ሰው ካለ፣ አንድ ሳምንት ባሊውን ይጠብቅ።

ውሃው ካልመጣ ይገዛል። እዚህ ላይ የምሳሌ ሒሳብ እንሥራ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ሲሞላ 1 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ጀሪካን በ10 ብር ቢገዛ ሜትር ኩቡ 500 ብር ገባ ማለት ነው። በቆጣሪ የሚከፈለውን እያንዳንዳችሁ ከደረሰኛችሁ ላይ ታውቁታላችሁ፤ አስተያዩት። የታሪፉ አሠራርም የራሱ ጉድ አለበት። ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይክፈል መባሉ መልካም ሐሳብ ነው። ግን ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ቆጣሪው እንደ አንድ አባካኝ ቤት ይቆጥራቸውና ወደ ላይኛው እርከን ያወጣቸዋል። ለድሃ የታሰበው ቅናሽ ብቻውን ቆጣሪ ላለው ሰው ይሆናል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ አጭር ነው፤ እዚህ ደንበኛዬ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። «ቆጣሪው በአየር ይዞራል» ይላል። ለብዙ ዓመት ሲሳቅበት የኖረ ቅሬታ ነው። መስመሩ ሲዘጋ ቧንቧው ባዶ ሆኖ በአየር ይሞላል። ሲከፈት ውሃው አየሩን ከፊቱ እየነዳ ይመጣል፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ በየቤቱ ቆጣሪ ያልፋል። በየቤታችን ያለው ባለ መዘውር ቆጣሪ የሚያዞረው ውሃ ይሁን አየር አይለይም። ለዚህ ነው መሐንዲሶች ከፍ ባሉ ቦታዎች ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ የሚተክሉት። በዚያው መንገድ፣ ባዶ የሆነው ቧንቧ ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ፈረቃው በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት የሚመጣው ድፍርስ ውሃ ከዚያም ጭምር ነው። እናቶቻችን የመጀመሪያውን ውሃ ለልብስና ለመጸዳጃ የሚያደርጉት ማንም ሳያስተምራቸው ነው።

እንግዲህ መልስ ሰጪው ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። እንዲህ ዓይነት ንግግር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፦

«ልጄ፣ ውሃው እኮ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«እማማ፣ የኃይል መቆራረጥ ስለነበረ ነው።»

«የቱ ቀን ነው የተቆራረጠው?»

«ማክሰኞ።»

«እሺ፤ የማክሰኞው ፈረቃችን በመብራት ምክንያት ቀረ። ረቡዕ መብራት መጣ። የማክሰኞውን ረቡዕ ለምን አልሰጣችሁንም?»

ልጁ ዝም ይላል። ሰነፍ ወይም ክፉ ስለሆነ አይደለም። እኚህ እናት የጠየቁትን ነገር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጠይቆት ስለማያውቅ ነው። የተዘለለ ፈረቃ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚመዘግብ መዝገብ ግን የለም። የፈረቃ ሰሌዳ የታሰበውን ይናገራል። የሆነውን የሚናገር ሰሌዳ የት አለ? የቱ ቫልቭ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት እንደተዘጋ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቁልፉን ይዞ የሚዞረው ወጣት ሠራተኛ ብቻ ነው። ነዋሪው በእሱ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ያባብለዋል፣ ሻይ ይጋብዘዋል፣ አንዳንዴም ከሻይ በላይ። እኔ ለዚያ ልጅ አዝንለታለሁ። አንድ ከተማ ሊመልሰው ያልቻለውን የፍትሕ ጥያቄ በመፍቻ እንዲመልስ ተልኳል።

የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የከተማዋ ፍላጎት በቀን ከ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚበልጥና ምርቱ ከዚያ በታች እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ሲናገር ኖሯል። ይህን አልክድም። ግን ከሚመረተው ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ሒሳብ ሳይከፈልበት እንደሚቀርም በተለያዩ ጊዜያት በወጡ ጥናቶች ተነግሯል፤ ከፊሉ በሚያፈስ ቧንቧ፣ ከፊሉ በሕገ ወጥ ቅጥያ፣ ከፊሉ በማይሠራ ቆጣሪ። መንገድ ሲቆፈር ተሰብሮ ቀኑን ሙሉ አስፋልት የሚያጥበውን ቧንቧ እያየ ባዶ ጀሪካን ይዞ የሚሄድ ሰው «እጥረት አለ» ሲባል ቢያንገራግር ምን ይገርማል?

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልውሰዳችሁ። ኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ሦስት ክረምት በተከታታይ ዝናብ አጠራት። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የከተማዋ አስተዳደር «ዜሮ ቀን» የሚባል ቀን እንደሚመጣ አስጠነቀቀ፦ ዋና ዋናዎቹ ግድቦች 13.5 በመቶ ላይ ሲደርሱ የቤት ቧንቧ ይዘጋል፤ ሰው 200 ገደማ በሚሆኑ ማደያዎች ተሰልፎ በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ይቀዳል። አንድ ጀሪካንና ትንሽ ትርፍ ማለት ነው። እስከዚያው በቀን ከ50 ሊትር በላይ አትጠቀሙ ተባለ። ከንቲባዋ አብዛኛው ነዋሪ ግድ የለሽ ነው ብለው በአደባባይ ወቀሱ።

ሕዝቡ ተቆጣ፣ ጠረጠረም። ቀኑ አንድ ጊዜ ኤፕሪል 12 ተባለ፤ ከዚያ ወደ ሜይ ተገፋ፤ ከዚያ ወደ ጁን 4፣ ቀጥሎ ወደ ጁላይ 9፤ በመጨረሻ በዚያ ዓመት አይመጣም ተባለ። ተጠራጣሪው «ድሮም ውሸት ነበር» አለ። እውነቱ የተደባለቀ ነው። ነዋሪው በርግጥ ፍጆታውን ከቀድሞው ከግማሽ በታች አውርዶታል፤ ይህ በዓለም ከተሞች ታሪክ ብዙ የማይታይ ነገር ነው። ነገር ግን ቀኑ የተገፋው በነዋሪው ቁጠባ ብቻ አልነበረም። የግሩንላንድ ገበሬዎች ማኅበር በፌብሩዋሪ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለከተማዋ ለቋል፤ የመስኖ ወቅትም አብቅቶ ነበር። «ዜሮ ቀን» ትንበያም ዘመቻም ነበረ፤ ነዋሪው ደግሞ የቱ ላይ ትንበያው አልቆ ዘመቻው እንደሚጀምር የሚነግረው አልነበረም። የመጠኑ ቁጥር ሳይደበቅ ጥርጣሬ የበቀለው ከዚህ ነው።

የእነሱ ከእኛ የሚለየው አንድ ነገር አለ። የግድቦቹ መጠን በየሳምንቱ ይወጣ ነበር፤ የፈለገ ሰው ካለፈው ሳምንት ጋር ያስተያየዋል። እንዲያውም ከዚያ አልፈው በካርታ ላይ በየቤቱ አረንጓዴ ነጥብ አደረጉ፤ ደማቁ በወር ከ6,000 ሊትር በታች የተጠቀመ ቤት ማለት ነው። ይህን እኔ አልወደድኩትም። የጎረቤትን ፍጆታ ለአላፊ አግዳሚ ማሳየት ጥርጣሬን ከቢሮው ላይ አንስቶ አጥር ላይ ማስቀመጥ ነው። በዚያው ከተማ በቆርቆሮ መንደሮች የሚኖረው ሕዝብ ከከተማዋ ውሃ የሚጠቀመው ከ5 በመቶ በታች ነበር፤ እነሱ ከጋራ ቦኖ እየቀዱ በሰልፍ ሲኖሩ ዓመታት አልፈዋል። ለእነሱ «ዜሮ ቀን» የሚመጣ አደጋ አልነበረም፤ የኖሩበት ነው። ባለ መዋኛ ገንዳው ሲደነግጥ ብቻ ዓለም ሰማ። የክፍፍል ጥያቄ እዚያም እንዲህ ነበር የተቀመጠው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አበሻ ተጠራጣሪ ነው፣ መተማመን አያውቅም የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ዕድርን ተመልከቱ። ገንዘብ ያዡ ጎረቤት ነው፤ የኑሮ ችግር ያለበት ሰው ሊሆን ይችላል። የመቶ ቤት ገንዘብ እጁ ላይ ነው። ግን ገቢና ወጪው በጉባኤ ይነበባል፤ ድንኳኑ ለማን እንደተሰጠ፣ ወንበር ስንት እንደተሰበረ ይነበባል፤ የተጠራጠረ ሰው መዝገቡን አምጡ ይላል፤ ማንም አይቀየመውም። በየወሩ መዝገቡን የሚያስከፍት ሰው ግን የለም። መክፈት እንደሚችል ማወቁ ይበቃዋል። የውሃው መሥሪያ ቤት ከዕድር ሺህ ጊዜ ይበልጣል፣ ከመሬት ሥር ተቀብሮ የማይታይ ንብረት ያስተዳድራል፣ ይህን አውቃለሁ። ግን «ለምን አታምኑንም?» ከማለቱ በፊት ምን መዝገብ ከፍቶ አሳይቶን ነው የምናምነው?

አሁን የደንበኛዬን ጥፋት ላውጣ፤ ቃል ገብቻለሁና።

ጥርጣሬ ሲሰነብት ፈቃድ ይሆናል። «እነሱ ሌቦች ናቸው» ያለ ሰው ቀጥሎ «እኔስ ምን አለብኝ?» ይላል። ከዚያ ፓምፕ ይገዛና ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ ያያይዘዋል። ፓምፑ ሲነሳ ከሱ በላይ ያሉ አሥር ቤቶች ቧንቧ ይደርቃል። የቀማው ከባለሥልጣኑ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ነው፤ ያውም ሌሊት ባሊ ደቅና ከምትጠብቀዋ። ጠዋት ግን ከሁሉም በላይ ጮሆ የሚናገረው እሱ ነው። ቆጣሪውን ያስተኛ፣ ከዋናው መስመር በድብቅ የቀጠለ፣ ለቆጣሪ አንባቢው ኪሱ ውስጥ የከተተ፣ እነዚህን ሁሉ ስትጠይቋቸው ስለ መንግሥት ብልሹ አሠራር ረጅም ትምህርት ይሰጧችኋል። ከሦስት አንድ እጅ በላይ ከሚባክነው ውስጥ የእነሱም ድርሻ አለ።

ሌላም ጥፋት አለው፤ አይጽፍም። ሦስት ሳምንት ውሃ አልመጣም ይላል፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ሲባል ይደናገራል። አንዱ ሁለት ሳምንት ነው፣ ሌላው አንድ ወር ነው ይላል፤ ስብሰባው በዚያው ይበተናል፤ የቢሮው ሰውም «እናጣራለን» ብሎ ይወጣል። ሊያጣራው የሚችለው ነገር ግን አልተሰጠውም። በአንድ መንደር አሥር ቤት ውሃው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የቆጣሪውን ቁጥር ከፈረቃው በፊትና በኋላ በደብተር ቢይዝ፣ ከላይ ያለው ቤት ስንት ሊትር፣ ከታች ያለው ስንት ሊትር እንዳገኘ በሁለት ወር ይታወቃል። ይህ የትኛውም መሐንዲስ የሚያከብረው ማስረጃ ነው። እኛ ግን ፎቶ እናነሳለን፣ እንሳደባለን፣ እንተኛለን።

ሕጉም ቢሆን ከነዋሪው ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ባለሥልጣናት ይወዷታል። አቅሙ ስንት እንደፈቀደና ለማን እንደፈቀደ መጠየቅ ግን ከዚያችው ሐረግ ይወጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። ይህ አዋጅ ለጋዜጠኛ ብቻ የወጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የዕድር ሰብሳቢም ማመልከቻ መጻፍ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ እንዲወጣ የምፈልገው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። አዲስ ግድብ አይጠይቅም። ዝናብም አይጠይቅም። በየወረዳው ባለፈው ወር የታቀደው ፈረቃ ስንት ሰዓት ነበር? በተግባር የተከፈተው ስንት ሰዓት ነው? የቀረው ለምን ቀረ? መቼስ ይተካል? ከፍ ባሉት ሰፈሮች በመስመሩ ጫፍ ላይ የተለካ ግፊት አለ ወይስ የለም? አምስት መስመር ነው። ቁጥሩ መጥፎ ይሁን፤ ግዴለም። ዘንድሮ ውሃ እንደማይበቃን እናውቃለን፤ ያልበቃን ውሃ እንዴት እንደተከፋፈለ እንዲነገረን ነው የምንጠብቀው።

ከፊት ረድፍ ላይ ከውሃው ዘርፍ የመጡ እንግዶች እንዳሉ መድረክ መሪው ነግሮኛል፤ ስለመጡ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ሰው ፊት መቅረብ ቀላል አይደለም። ጥያቄና መልሱን ከእነሱ እንድንጀምር እጠይቃለሁ። እናንተም ስትጠይቁ ሰፈራችሁን፣ የመጨረሻው ውሃ የመጣበትን ቀንና ቤታችሁ ከመንገዱ በላይ ይሁን በታች ተናግራችሁ ጀምሩ። ማይኩ ከኋላ ካሉት ይነሳ፤ ሁልጊዜ ሳይደርሳቸው ሰዓት ያልቃል።